የማጥመጃ ክር ቋጠሮ ታሪክ፦ ከፈረስ ጭራ እስከ ናይሎንና ከዚያም ወዲህ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የምሳሌው ቁም ነገር ስለ ኅብረት ነው፤ ሆኖም ነገሩን እንደ ቃሉ ወስዶ ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ድሮቹ አንበሳውን የሚያስሩት በምን ዐይነት ቋጠሮ ተያይዘው ነው? አንድ ክር ከሌላ ክር ጋር ሲቀጠል ኃይሉ የሚለካው በክሩ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታም ጭምር ነው። ቋጠሮው ከከዳ የክሩ ብርታት ለማንም አይጠቅምም።

የዚህ አጭር ጥናት ዐላማ ዓሣ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች ዋናውን ክር ከጫፍ ክር ጋር ለማገናኘት የመረጧቸው ቋጠሮዎች በየዘመኑ ለምን እንደ ተለዋወጡ ማሳየት ነው። «ዋናው ክር» የምለው ከዘንጉ ወይም ከአጥማጁ እጅ የሚነሣውን ረጅሙን ክር ነው። «የጫፍ ክር» የምለው ደግሞ በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል የሚገባውን፥ ዓሣው እንዳያየው ወይም ድንጋይና ጥርስ እንዳይቈርጠው ተመርጦ የሚቀጠለውን አጭር ክር ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት የወሰድሁት ከእንግሊዝ አገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ስለ መንጠቆ አጠማመድ የተጻፈው ነገር ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ አሜሪካና ወደ ጃፓን ይሻገራል። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ለማስረዳት የምሞክረው ዐሳብ ይህ ነው፤ በራሱ ጠንካራ የሆነ ቋጠሮ የለም። አንድ ቋጠሮ ጠንካራ የሚባለው ከተሠራበት ክር ጠባይ ጋር ሲስማማ ነው። ስለዚህ የክሩ ዐይነት በተለወጠ ቍጥር ስመ ጥር የነበረው ቋጠሮ እንደገና መፈተን ነበረበት። ይህን ሳያደርግ በስሙ ብቻ የተማመነ አጥማጅ ዓሣውን አጥቷል።

ሀ. ቋጠሮ ክርን ስለ ማድከሙ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ቋጠሮ ለምን እንደሚከዳ በአጭሩ ማየት ይገባል። ክር ቀጥ ብሎ ሲሳብ ሸክሙ በአካሉ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። ሲታጠፍ ግን ከእጥፉ ውጪ ያለው ወገን ይለጠጣል፥ ከውስጥ ያለው ወገን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ሸክሙ በውጪኛው ወገን ላይ ይበረታል። በቋጠሮ ውስጥ ደግሞ አንዱ ዙር ሌላውን ስለሚጫን ጭነት በጭነት ላይ ይታከላል። ተራው ነጠላ ቋጠሮ የክሩን ኃይል እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንሰው ይችላል። ፒዮትር ፒየራንስኪ የተባሉ የፖላንድ የፊዚክስ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፥ የተቋጠረ ክር የሚበጠሰው ወደ ቋጠሮው በሚገባበት በር አጠገብ ነው። ዓሣ ያመለጠው ሰው የተረፈውን ክር ሲመለከት ጫፉ ከቋጠሮው አፍ ላይ ተቈርጦ የሚያገኘውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የክዳት መንገድ መንሸራተት ነው። ቋጠሮ የሚይዘው በፍትጊያ ነውና፥ ፍትጊያው ካነሰ ክሩ ሳይበጠስ ቋጠሮው ራሱን ይፈታል። የስዊስ ተወላጅ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሌዮንሃርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት በግንድ ላይ ስለ ተጠመጠመ ገመድ ያወጣው ስሌት ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። የፍትጊያው መጠን 0.2 ነው እንበል። አንድ እጅ በአንደኛው ጫፍ የ1 ኪሎ ያኽል ኃይል ቢይዝ፥ ገመዱ አንድ ዙር ሲጠመጠም በሌላው ጫፍ የ3.5 ኪሎ ያኽል ስበት ይቋቋማል፤ ሦስት ዙር ሲጠመጠም ግን 43 ኪሎ ያኽል ይደርሳል። የፍትጊያው መጠን በግማሽ ቀንሶ 0.1 ቢሆን እነዚያው ሦስት ዙሮች የሚይዙት 6.6 ኪሎ ያኽል ብቻ ነው፤ ወደ 43 ኪሎ ለመመለስ ስድስት ዙር ያስፈልጋል። በእርግጥ የክር ቋጠሮ ከግንድና ከገመድ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ነገር ግን ከስሌቱ አንድ ትምህርት ይወጣል፤ ክሩ ይበልጥ የሚያዳልጥ ሲሆን የዙሩ ቍጥር መብዛት አለበት። በሻካራ ክር ላይ የታመነ ቋጠሮ በለስላሳ ክር ላይ ሳይለወጥ ሊሠራ አይችልም።

እነዚህ ሁለት የክዳት መንገዶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። እንዳይንሸራተት አጥብቆ የሚይዝ ቋጠሮ ክሩን በኃይል ያጥፈዋል፤ ክሩን እንዳይጐዳ የሚራራ ቋጠሮ ደግሞ ለመንሸራተት ይቀርባል። ከዚህ በታች የምናያቸው ቋጠሮዎች ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተገኙ ልዩ ልዩ መፍትሔዎች ናቸው።

ለ. የፈረስ ጭራ ዘመን

በ1496 ዊንከን ደ ዎርድ የተባለው አታሚ «የቅዱስ አልባንስ መጽሐፍ» ተብሎ የሚታወቀውን ሥራ በዌስትሚንስተር እንደገና ሲያሳትም፥ ዓሣን በመንጠቆ ስለ ማጥመድ የሚናገር አንድ ድርሰት ጨመረበት። ድርሰቱ ዴም ጁሊያና በርነርስ ለምትባል የገዳም እመቤት ሲሰጥ ኖሯል፤ የዛሬ ታሪክ ጸሓፊዎች ግን ይህን እንደ ተረጋገጠ ነገር አይቀበሉትም። ደራሲው ማንም ይሁን፥ ጽሑፉ ስለ ክር አሠራር በዝርዝር ይናገራል። ክሩ የሚሠራው ከነጭ ፈረስ ጭራ ነው። የፀጉሩም ቍጥር በሚፈለገው ዓሣ ይወሰናል፤ ለትንሿ ዓሣ 1 ፀጉር ይበቃል፥ ለትራውት 9፥ ለታላቅ ትራውት 12፥ ለሳልሞን 15 ፀጉር ይገመዳል።

የፈረስ ጭራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመሰንቆ ክር ከእርሱ ይሠራል፤ ክሩን የሚፈትገው ደጋንም እንዲሁ። መሰንቆ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው ጭራ ብዙ ሆኖ ሲታሰር ብርቱ ነው፤ ርዝመቱ ግን የተወሰነ ነው። በእንግሊዝም አጥማጁን ያስቸገረው ይኸው ነበር። አንድ ጭራ ከፈረሱ ጭራ ርዝመት አያልፍም፤ ስለዚህ ፀጉሮቹ በአጭር በአጭሩ እየተገመዱ፥ የተገመዱትም ቍርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ እየተቋጠሩ አንድ ክር ይሆኑ ነበር። እንግዲህ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቋጠሮ ሰንሰለት ነበር ማለት ነው። ሰንሰለትም የሚበረታው እንደ ደካማው ቀለበቱ ስለ ሆነ፥ ከቋጠሮዎቹ አንዱ ብቻ ቢሳሳት የቀሩት ሁሉ ዋጋ አልነበራቸውም።

እነዚህ ቍርጥራጮች በምን ቋጠሮ ይያያዙ ነበር? እዚህ ላይ ታሪክ ተማሪን የሚያስቈም ነገር ይገጥመናል። ድርሰቱ ሁለት ስሞች ይጠራል፤ አንዱ «የውኃ ቋጠሮ» ሲሆን ሌላው «የዱቼስ ቋጠሮ» ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ ግን አያስረዳም። አንባቢው ያውቃቸዋል ብሎ ስላሰበ መሆን አለበት። «የውኃ ቋጠሮ» የሚለው ስም በኋለኛው ዘመን ለልዩ ልዩ ቋጠሮዎች ተሰጥቷል፤ ዛሬ ተራራ ወጪዎች ጠፍጣፋ ጥብጣብ ለመቀጠል የሚጠቀሙበት ቋጠሮ በዚሁ ስም ይጠራል። «የዱቼስ ቋጠሮ» ደግሞ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የተላለፈልን ቃሉ ነው፤ የእጁን እንቅስቃሴ አልተላለፈልንም።

ይህ በእንግሊዝ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄራክላስ የተባለ የግሪክ ሐኪም ለቀዶ ጥገናና ለስብራት ስለሚያገለግሉ ቋጠሮዎችና ማሰሪያዎች ጽፎ ነበር። የእርሱ ጽሑፍ ቢጠፋም በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ኦሪባሲዮስ ወደ ራሱ ሥራ ገልብጦት ስለ ነበር 18 ዐይነት አሠራሮች እስከ ዛሬ ደርሰዋል። እነዚህን ያቈየልን ሐኪሙ የጣቱን መንገድ በቃል መግለጡ ነው። በዚያው ዘመን የነበሩ የመርከበኞችና የአጥማጆች ቋጠሮዎች ግን ከባለሙያዎቻቸው ጋር ወደ መቃብር ወርደዋል።

የፈረስ ጭራ ለቋጠሮ የሚመች ጠባይ ነበረው። የፀጉር ገጽ በቅርፊት መሰል ነገር የተሸፈነ ነው፤ ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ሲገመድም ክሩ ወጣ ገባ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ዙር ያለው ቀላል ቋጠሮ ይይዝ ነበር። በተጨማሪም በ1496ቱ ድርሰት ዘመን ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ላይ በቀጥታ ይታሰር ስለ ነበር፥ ቋጠሮው ቢያብጥም የሚያደናቅፈው ነገር አልነበረም። ቻርልስ ኮተን በ1676 በአይዛክ ዎልተን ታዋቂ መጽሐፍ ላይ በጨመረው ክፍል፥ በሁለት ፀጉር 20 ኢንች ያኽል ርዝመት ያለው ትራውት ለመያዝ የማይችል ሰው አጥማጅ መባል እንደማይገባው ይናገራል። ይህ ንግግር ትምክሕት ያለበት ቢሆንም፥ ክሩ ወደ መንጠቆው ሲቀርብ እየቀጠነ እንዲሄድ ይፈለግ እንደ ነበር ያሳየናል። የጫፍ ክር የሚለው ዐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግልጥ ነበር።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ለውጥ መጣ። ቶማስ ባርከር በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ክር የሚጠቀለልበት መዘውር ይጠቀሳል። መዘውር ሲመጣ ክሩ በዘንጉ ላይ በተተከሉ ቀለበቶች ውስጥ ማለፍ ጀመረ፤ ስለዚህ ያበጠ ቋጠሮ በቀለበቱ ላይ መደናቀፍ ያዘ። ከዚህ በኋላ ከቋጠሮ የሚፈለገው ነገር ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ቅጥነትም ሆነ።

ሐ. የሐር ትል ጅማት

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ የጫፍ ክር ተገኘ። ጄምስ ሳንደርስ በ1724 በታተመ መጽሐፉ ከሐር ትል ስለሚገኝ ክር ይናገራል። የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ስለ ሆነ አንባቢ ሁለቱን አንድ ነገር እንዳያደርጋቸው ልብ ይበል። የሐር ትል ሐሩን መፍተል ሊጀምር ሲቃረብ በሆምጣጤ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም ሐሩን የያዘው ዕጢ ከሆዱ ወጥቶ በእጅ ይሳባል። የተሳበው ነገር ሲደርቅ ጠንካራ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ፥ በውኃ ውስጥ ለማየት የሚያስቸግር ክር ይሆናል። በደቡብ ምሥራቅ ስፔን የምትገኘው ሙርሲያ የዚህ ሥራ ዋና ማእከል ሆና ለረጅም ጊዜ ቈየች።

ይህ ጅማት ከጭራ ይልቅ ጠንካራ ቢሆንም ከአንድ ትል ዕጢ የሚወጣው ክር እጅግ አጭር ነበር። አንዱ 35 ሴንቲ ሜትር ያኽል ነው ብንል፥ 2 ሜትር ከ70 የሚደርስ የጫፍ ክር ለመሥራት 8 ያኽል ቍርጥራጮችና 7 ቋጠሮዎች ያስፈልጋሉ፤ በየቋጠሮውም የሚባክነው ትርፍ ጫፍ ሲታሰብ ከዚህም ይበዛል። ስለዚህ የቋጠሮ ጥያቄ አልቀረም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ጸና።

ከጅማቱ ጠባይ የሚነሣ ሌላ ችግርም ነበር። በአገራችን አልጋ የሚወጠርበት ጠፍር እርጥብ ሳለ ይታሰርና ሲደርቅ ይጠብቃል። የሐር ትል ጅማትም እርጥብ ሳለ ብቻ ነው የሚቋጠረው፤ የሚያገለግለውም እንደ ረጠበ ነው። ደርቆ ሳለ ቢታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፥ ይታዘዛልም። ስለዚህ አጥማጁ ወደ ወንዝ ከመውረዱ አስቀድሞ ጅማቱን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፥ ቀኑንም ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ መካከል በቆርቆሮ ሣጥን መያዝ ነበረበት። ጥንቃቄው የጐደለው ሰው ቋጠሮው ምንም ያኽል የተመሰገነ ቢሆን ከመከዳት አይድንም ነበር። የቋጠሮ ጥንካሬ ከአሠራሩ ሥርዐት ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክር ይህ ዘመን ነው።

መ. «የደም ቋጠሮ» ወደ ኅትመት መምጣቱ

የጅማቱን ቍርጥራጮች ለመቀጠል ከተፈለሰፉት ሁሉ ይበልጥ የተሳካው እንግሊዞች «የደም ቋጠሮ» ወይም «የበርሜል ቋጠሮ» የሚሉት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ክሮች ጫፎቻቸው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያመለክቱ ሆነው ጎን ለጎን ይያዛሉ። አንደኛው ጫፍ በሌላው ክር ላይ ጥቂት ዙር ይጠመጠምና ወደ መካከል ይመለሳል። ሁለተኛው ጫፍም በበኩሉ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ ጫፎች በመካከል በቀረችው ቀዳዳ አንዱ ከወዲህ፥ ሌላው ከወዲያ ይገባሉ። ከዚያ ክሮቹ ረጥበው ቀስ ተብለው ሲሳቡ ዙሮቹ ተጠጋግተው ትንሽ በርሜል የምትመስል ቅርጽ ይሠራሉ።

የዚህ ቋጠሮ ብልሃት ከላይ የተናገርነውን ግጭት ማስታረቁ ነው። ክሩ ባንድ ቦታ በኃይል ሳይታጠፍ በብዙ ዙር ቀስ በቀስ ይጠመዘዛል፤ ፍትጊያውም በዙሮቹ መካከል ተከፋፍሎ ጫፉ ላይ ሲደርስ የቀረው ስበት ጥቂት ይሆናል። ከዚህም በላይ ቀጭን ስለ ሆነ በቀለበት ውስጥ ያልፋል።

ኤ. ኤች. ቻይተር በ1910 ለልጆቹ በደብዳቤ መልክ በጻፈው የሳልሞን አጠማመድ መጽሐፍ ይህን ቋጠሮ ለአንባቢ ገለጠው። ከዚያ በፊት በጥቂት ሰዎች ዘንድ እንደ ምስጢር ይጠበቅ እንደ ነበር፥ ለቻይተርም ያሳየው አንድ የመርከብ መሐንዲስ እንደ ሆነ በአጥማጆች ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ትረካው በዝርዝሩ ቢያከራክርም፥ ነገሩ ሊሆን የሚችል መሆኑን ቋጠሮው ራሱ ይመሰክራል። ተሠርቶ ያለቀ «የደም ቋጠሮ» ሲታይ የዙሮቹ ጠመዝማዛ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከየት እንደ ተጀመረና ጫፎቹ በየት እንዳለፉ ዐይን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ባለሙያው ሥራውን ለሰው ሁሉ እያሳየ ዕውቀቱን ሊሰውር ይችላል። በዐደባባይ ያለ ነገር ሁሉ የታወቀ ነገር አይደለም።

አሜሪካዊው ክሊፎርድ አሽሊ በ1944 ከ3,800 በላይ ተራ ቍጥር ያለው ታላቅ የቋጠሮ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ የዚህ ዐይነቱ ዕውቀት ወደ ሥዕልና ወደ ጽሑፍ ተሻገረ። በ1940ዎቹ መገባደጃም እንግሊዛዊው ስታንሊ ባርንስ በጅማትና በናይሎን ስለሚሠሩ የአጥማጅ ቋጠሮዎች ለብቻው መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሁለቱን ክሮች አጣምሮ መጥራቱ ዘመኑ የመሻገሪያ ዘመን እንደ ነበር ያመለክታል።

ሠ. ናይሎን

የካቲት 28 ቀን 1935 በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስና ረዳቶቹ በኋላ ናይሎን የተባለውን ነገር ሠሩ። ካሮተርስ በ1937 ሲሞት ፍሬውን አላየም፤ ኩባንያው ግኝቱን ለሕዝብ ያስታወቀው በጥቅምት 1938 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ናይሎን ለጃንጥላና ለሌላም ወታደራዊ አገልግሎት ዋለ፤ ከ1945 በኋላ ግን የማጥመጃ ክር ሆኖ በዓለም ተስፋፋ። የሙርሲያም ጅማት ገበያውን እያጣ ሄደ።

ናይሎን ለአጥማጁ ትልቅ ነጻነት ሰጠው። ርዝመቱ አያልቅም፤ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ቶሎ አይበሰብስም። በአንድ የጫፍ ክር ላይ ሰባት ቋጠሮ የግድ መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ናይሎን ለስላሳና የሚለጠጥ ነው። የጭራው ሻካራነት የለውም፤ እንደ ጅማቱም ውኃ ጠጥቶ በቋጠሮው ውስጥ አይሞላም። በጭራና በጅማት ላይ የሚታመኑት ቀላል ቋጠሮዎች በናይሎን ላይ ተንሸራተቱ። «የደም ቋጠሮ» ግን ዙሩ እንዲጨመር የሚፈቅድ ስለ ነበር ከአዲሱ ክር ጋር ሊስማማ ቻለ፤ በየወገኑ አምስት ያኽል ዙር መጠምጠም ልማድ ሆነ። ከላይ ያየነው የኦይለር ስሌት የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ከናይሎን ጋር አንድ አዲስ ጠላትም መጣ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ቋጠሮ በችኰላ ሲጠብቅ ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም የክሩን ገጽ ያላላዋል። ስለዚህ ከማጥበቅ በፊት ቋጠሮውን ማርጠብ ግዴታ ሆነ። ልብ በሉ፤ በጅማት ዘመንም ክሩ ይረጥብ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ያን ጊዜ የሚረጥበው ክሩ እንዲለሰልስ ነው፤ አሁን ግን እንዳይሞቅና ዙሮቹ በየቦታቸው እንዲገቡ ነው። ልማዱ ሲቀጥል ምክንያቱ ተለወጠ።

ረ. ሁለት የማይመሳሰሉ ክሮች

እስከዚህ ድረስ ያየነው ተመሳሳይ ክሮችን ስለ መቀጠል ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን አጥማጁ የማይመሳሰሉትን እንዲያጋጥም ተገደደ። በ1971 ኩሬሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፍሎሮካርቦን ከተባለ ነገር የተሠራ የጫፍ ክር አወጣ። ይህ ክር ከናይሎን ይልቅ ክብደት አለው፥ ፍግታን ይቋቋማል፥ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠንም (1.42) ከናይሎን ይልቅ ለውኃው (1.33) ይቀርባል። በ1990ዎቹ ደግሞ እጅግ ረጅም ሰንሰለት ካለው ፖሊኢቲሊን የተጐነጐነ ዋና ክር ተስፋፋ። ይህ ጉንጉን ክር ለውፍረቱ የሚያስደንቅ ጥንካሬ አለው፤ ሲሳብ ግን አይለጠጥም፤ ከናይሎን ይልቅ ያዳልጣል፤ የሚቀልጠውም በ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የናይሎን መቅለጫ እንደ ዐይነቱ ከ220 እስከ 265 ዲግሪ ያኽል ነው። በድንጋይ ላይ ሲፋተግም ቶሎ ይቈረጣል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ናይሎን ወይም ፍሎሮካርቦን መቀጠል አስፈላጊ ሆነ።

እዚህ ላይ ስመ ጥሩ «የደም ቋጠሮ» ከወሰኑ ደረሰ። እርሱ የሚሠራው ሁለቱ ክሮች እኩል ሲተጋገዙ ነው። አንዱ ቀጭንና አዳላጭ፥ ሌላው ወፍራምና ግትር ሲሆን ዙሮቹ እኩል አይጠብቁም፤ ቀጭኑ ይንሸራተታል፥ ወይም ራሱን በራሱ ይቈርጣል። መፍትሔ ሆነው የመጡት ቋጠሮዎች ሦስት መንገድ ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ቀላልነትን የመረጠ ነው። ቪክ ዳናዌይ የተባለው አሜሪካዊ የአጠማመድ ጸሓፊ ያስፋፋው «የዩኒ ቋጠሮ» በሁለት ወገን ተሠርቶ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይገጠማሉ። ትንሽ ያብጣል፤ ነገር ግን በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ፥ በቀዘቀዘ እጅም ሊሠራ ይችላል። የቀዶ ሐኪም ቋጠሮ የሚባለውም ከዚህ ወገን ነው፤ ሁለቱ ክሮች ተደራርበው ተራ ቋጠሮ ይሠሩና ጫፎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀለበቱ ያልፋሉ።

ሁለተኛው በፍሎሪዳ ደሴቶች አጥማጆችን ይመራ የነበረው የጂሚ ኦልብራይት መንገድ ነው። ወፍራሙ ክር ታጥፎ ዐይን ይሠራል፤ ቀጭኑ ክር በዐይኑ ገብቶ በእጥፉ ላይ አሥር ያኽል ዙር ይጠመጠምና በገባበት ይወጣል። እዚህ ሥራው እኩል አልተከፈለም፤ ወፍራሙ ግንድ ሆኖ ይቆማል፥ ቀጭኑ ይጠመጠምበታል።

ሦስተኛው ከጃፓን አጥማጆች የተስፋፋውና «ኤፍ ጂ» የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር ወፍራሙ ክር ፈጽሞ አይታጠፍም። ቀጭኑ ጉንጉን ክር አንድ ጊዜ ከቀኝ፥ አንድ ጊዜ ከግራ እየተሻገረ እንደ ሹሩባ በላዩ ላይ ይጐነጐናል፤ መጨረሻውም በትንንሽ ማነቆዎች ይዘጋል። ሲሳብ ጉንጉኑ እየጠበበ ወፍራሙን ይነክሰዋል፤ ስበቱ በበረታ መጠን አያያዙም ይበረታል። ወፍራሙ ክር ስላልታጠፈ በእጥፍ ምክንያት የሚመጣው ድካም የለበትም፤ ቀጭን ስለ ሆነም በቀለበት ውስጥ ያልፋል። ችግሩ ለመሥራት ጊዜና የሠለጠነ እጅ መጠየቁ ነው። ዙሮቹ በውጥረት ሳይደረደሩ ቀርተው ከላሉ፥ ከሁሉ ጠንካራ የተባለው ቋጠሮ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይንሸራተታል።

እንግዲህ ከእነዚህ የቱ ይመረጥ ለሚል ሰው መልሱ ከታሪኩ ይወጣል። ሁለቱ ክሮች ባንድ ዐይነትና በተቀራረበ ውፍረት ከሆኑ «የደም ቋጠሮ» ዛሬም ይበቃል። ጊዜና ብርሃን ካነሰ በሁለት ወገን የሚሠራው «የዩኒ ቋጠሮ» ወይም የቀዶ ሐኪሙ ቋጠሮ ይሻላል። ቀጭን ጉንጉን ክር ከወፍራም የጫፍ ክር ጋር ሲገናኝ የኦልብራይትን፥ የለመደ እጅ ያለው ደግሞ «ኤፍ ጂ»ን ይምረጥ። በሁሉም ዘንድ ቋጠሮው ይርጠብ፤ ቀስ ተብሎ ይጥበቅ፤ ዓሣው ሳይፈትነው በፊት አጥማጁ በገዛ እጁ ስቦ ይፈትነው። በሚገባ የተሠራ መካከለኛ ቋጠሮ በመጥፎ ሁኔታ ከተሠራ ምርጥ ቋጠሮ ይበልጣል።

መደምደሚያ

በ2020 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሲሳቡ ቀለማቸውን በሚለውጡ ክሮች በመጠቀም በቋጠሮ ውስጥ ጭነቱ የት እንደሚበረታ አሳይተዋል። ስለ ቋጠሮ ጽናት ያወጡት መመዘኛም ክሮቹ የሚተላለፉበትን ብዛት፥ የሚጠመዘዙበትንና የሚንሸራተቱበትን አቅጣጫ የሚቈጥር ነው። በንድፈ ዐሳብ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የመርከብ ሠራተኛውም፥ የወንዝ ዳር አጥማጁም ጣቶቻቸው ይህን ያወቁት መመዘኛው ከመጻፉ በፊት ነው። የጐደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ጸሓፊ ነበር።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በአገራችን ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረው ምራን፥ አልጋ የሚወጠርበት ጠፍር፥ የጎጆ ማገር የሚጠፈርበት ልጥ፥ በሐይቆቻችን ዳር የሚሠራው መረብ፥ ሁሉም ቋጠሮ አላቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ እጁ የሚሄድበትን መንገድ የሚያውቀው ግን የሚሠራው ሰው ብቻ ነው። የዛሬው ምራን ነገ በናይሎን ገመድ ሲተካ አሮጌው አስተሳሰር በአዲሱ ገመድ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ለምን ጠንካራ እንደ ነበረ የሚነግረን አይገኝም። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜው ወደ አገር ቤት የሚወርድ ተማሪ አንድ ቋጠሮ እንኳ ቢሆን አባት ወይም አጎት ሲሠራ ተመልክቶ ቢጽፍ መልካም ነው። ሲጽፍም ስሙን ብቻ አይመዝግብ፤ ከምን እንደ ተሠራ፥ እርጥብ ወይም ደረቅ እንደ ነበረ፥ ስንት ዙር እንደ ተጠመጠመ፥ ጫፉ በየት እንደ ገባና ምን ያኽል ሸክም እንደሚችል ጭምር ይመዝግብ። እንዲህ ካልተደረገ ከእኛም በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ እንደ «ዱቼስ ቋጠሮ» ያለ ባዶ ስም ብቻ ይወርሳል።